ቤቱ ተዝረክርኮ ነው ያገኛችሁት

ቤቷ እንደ መስተዋት ካላበራ እንግዳ የማታስገባ፣ ካበራ በኋላ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ «ይቅርታ፣ ቤቱ ተዝረክርኮ ነው ያገኛችሁት» የምትል ሴት የሌለችበት ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። አለ የሚል ካለ፣ እዚያ ቤት እንግዳ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እናንተም ታውቋታላችሁ። ወይ አክስታችሁ ናት፣ ወይ የባለቤታችሁ እናት፣ ወይ ደግሞ፣ ፈጣሪ ይርዳችሁና፣ እናንተው ናችሁ። ወለሉ ላይ የገዛ ፊታችሁን እያያችሁ ያ ተዝረከረከ የተባለው ነገር የት እንዳለ በዓይናችሁ ትፈልጋላችሁ። አታገኙትም። እሷ ግን አንዴ አፍራለች፤ ደግማችሁ ካልበላችሁላት በቀር ከዚያ እፍረት የሚያወጣት የለም።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናት። ታናሽ ወንድሟ ፊት ለፊት «እታለም» ይላታል፤ ዞር ስትል ግን «ክብርት የእንግዳ ጉዳይ ሚኒስትር» ነው የሚላት። እሱን ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ «መነጽር» ብሎ ነው የሚጠራው፤ የሩቅ ማያ መነጽሩ ሲበላም ሲጸልይም ከአንገቱ አይወርድምና። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ ዓይኑ ግን ዛፍ ለዛፍ ሲንከራተት ኖሮ፣ አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከእናታቸው የወረሱትን፣ ጫካው ጥግ ያለውን ቤት፣ ወፍ ለማየት አገር ላገር ለሚዞሩ ሰዎች ማረፊያ አደረጉት። እሱ ወፉን ያሳያል፣ እሷ ቤቱን ትይዛለች ተባባሉ።

ችግሩ ወፍ ተመልካች የሚባለው ሰው ለእታለም የተፈጠረ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ጭቃ አይፈራም። ጠዋት ከወፉ ቀድሞ ይነሳል፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል፣ ሲመለስ ደግሞ ግማሹን ጫካ በጫማው ተሸክሞ ይገባል። «እነዚህ ሰዎች የሚሰበስባቸው ዘመድ የላቸውም እንዴ?» ትል ነበር እታለም መጀመሪያ ሰሞን፣ ከልቧ አዝናላቸው።

ያን ሰሞን አንዱ እንግዳ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማውን በሩ ላይ ትቶ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ ጫማው ከውስጥም ከውጭም በሳሙና ታጥቦ፣ ማሰሪያው ተተኩሶ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ጠበቀው። ሰውየው ምን ያድርግ፣ በእሷ ሮዝ ነጠላ ጫማ ጫካ ገባ። ያን ቀን ያየውን የወፍ ብዛት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም አሉ። ወፎቹም እሱን ለማየት ሳይወጡ አልቀሩም።

ሌላ ጊዜ መነጽር እንግዶቹን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ፣ ወፉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየወረደ ሊገለጥ ሲል የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተ። «ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ» አለች ክብርት ሚኒስትር፣ ማዶ ላለው ተራራ በሚሰማ ድምፅ። ወፉ በረረ።

«እታለም፣ አባረርሽው» አላት ቆይቶ፣ ወጥ ቤት ገብቶ።

«ባዶ ሆዱን የቆመ ሰው ምን ያያል?» አለች። እሱም ሻዩን ተቀብሎ ወጣ።

በረንዳው ጣሪያ ሥር ጎጆ የሠራችውን ወፍ ደግሞ በመጥረጊያ ልታፈርስባት መሰላል ላይ ወጥታ ነበር። መነጽር ሮጦ መሰላሉን ሲይዝ፣ ከጎጆው ጠርዝ ላባ ያላወጡ ጭንቅላቶች አፋቸውን ከፍተው ብቅ አሉ። እታለም መጥረጊያዋን ዝቅ አደረገች። «ልጆች እንዳሏት ለምን አልነገርከኝም?» ብላ እሱኑ ተቆጣችው። ከዚያ ወዲህ ጎጆው ሥር ጋዜጣ ታነጥፋለች፤ ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። ወፏንም «ተከራይዋ» ትላታለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች እህት ይዞ ነው መነጽር ያን ከባድ ቃል የሰጠው።

ያለፈው ወቅት ክፉ ነበር። እንግዳ የሚያመጡት ሁሉ ወንዙ ዳር ወዳለው፣ መዋኛ ገንዳ ወዳለው ትልቅ ማረፊያ ይሄዱ ጀመር። ክረምቱ ሳይወጣ ቋሚ እንግዳ ካልተገኘ ቤቱ ሊዘጋ፣ እሱም ወደ ጭነት መኪናው ሊመለስ፣ እሷም «ይቅርታ» የምትለው ሰው በሌለበት ቤት ብቻዋን ልትቀር ነው። በዚህ መሃል ወፍ ተመልካቾችን በየወሩ ይዛ የምትዞር አንዲት የቡድን መሪ ስልክ ደወለች።

«መዋኛ አላችሁ?» አለችው።

«የለንም።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«ቅጠል ገላጭ አለን» አለ መነጽር አፉን ሞልቶ። «ቁርስ እየበላችሁ፣ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታዩታላችሁ።»

ቅጠል ገላጭ ደረቱ የሸክላ ቀለም፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ ሰረዝ ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ዓይን አፋር ወፍ ነው። የረገፈ ቅጠል በምንቃሩ አንድ በአንድ እየገለበጠ ትል ይፈልጋል። ሰው ለእሱ ሲል ጫካ ውስጥ ተንበርክኮ ይውላል፤ ሳያየው ይመለሳል። መነጽር ግን ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ቅጠሉ እንደ ምንጣፍ በተነባበረበት እርጥብ ቦታ ሁለት ወር ሙሉ ሲያየው ነበር። ሴትየዋ መጥታ ልታይ፣ ካየችው ቤቱን በጉዞዋ ልታስገባው ተስማሙ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

እንግዶቹን ሊቀበል ከተማ ወርዶ ሊያድር ሲነሳ አንድ ስህተት ሠራ። እህቱን «እታለም፣ ከባድ እንግዶች ናቸው» አላት። በቃ ይህንኑ ብቻ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይዟቸው ሲመጣ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ክው አለ። ግቢው ተጠርጓል። መጠረግ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ዛፍ ሥር አንድ ቅጠል ሳይቀር ተለቅሞ፣ መሬቱ ውሃ ተረጭቶ፣ የመጥረጊያው መስመር እንደ አዲስ የተበጠረ ፀጉር ተጋድሟል። የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ተቀብቷል። እታለም ንጹሕ ሻሿን አሥራ በሩ ላይ ቆማለች። «ይቅርታ፣ ቤቱ ተዝረክርኮ ነው ያገኛችሁት» አለች።

«ቅጠሉስ?» አላት መነጽር ሻንጣ የሚያወርድ መስሎ በሹክሹክታ።

«የቱ ቅጠል?»

«እዚህ የነበረው።»

«አሁን ገና አየኸው? ወገቤ ሊቆረጥ ነው» አለች፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ እንግዶች በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አንዷ የቡድን መሪዋ ናት። ሌላው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ከዘራ ይይዛሉ፣ ቅጠል ገላጭን ፍለጋ ብዙ አገር ዞረው አንድም ቀን ቀንቷቸው አያውቅም፣ ጉልበታቸውም ከእንግዲህ ጫካ አልገባም ብሏል። ዳቦው ቀረበ፣ እንቁላሉ ቀረበ፣ ፓፓያው ቀረበ። ወፉ አልቀረበም። መነጽር በተጠረገው መሬት ላይ መነጽሩን ቢያመላልስ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት። ቀኑ እንዲሁ አለፈ።

«ምንም አይደለም፣ እመቤቴ» አሉ ሐኪሙ ለእታለም፣ ሁለተኛ ሰሃናቸውን ጨርሰው። «ወፉ ባይመጣም እኔ መጥቻለሁ።» የቡድን መሪዋ ግን ሰዓቷን አየች። በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ይሄዳሉ።

መነጽር ያን የመጨረሻ ጠዋት ወጥ ቤት ገባ። እህቱ ናት ያሳደገችው፤ እናታቸው ካለፈች ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረገም፤ ያ ደግሞ ባሰ።

«እታለም፣ ወፉ የሚበላው ከቅጠሉ ሥር ነበር» አላት። «ቅጠሉ የለም፣ ወፉም የለም። ካላዩት አይመለሱም። ካልተመለሱ ቤቱን እንዘጋለን፣ እኔም ወደ መኪናው።»

እታለም የምትወለውለውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «እኔ ምን አውቄ» አለች ቀስ ብላ። «ቅጠል እንዲታይለት የሚፈልግ እንግዳ ከየት ይመጣል ብዬ?» ከዚያ አንሶላ የያዘውን ሳፋ አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሆዷ ሲባባ ልብስ ማስጣት ልማዷ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያ ጓሮ መነገር አለበት። እንደ እታለም ያለች ሴት ቤቷን ታጸዳለች ማለት ቆሻሻውን ታጠፋለች ማለት አይደለም። እንግዳ ከማያይበት ትወስደዋለች ማለት ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ የቤቱ ገበና ሁሉ ተከማችቷል፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ቂጡ ያረረ ድስት፣ እድፉ አልለቅ ያለ ፍራሽ፣ ጠብ ጠብ የሚል አሮጌ በርሜል። እዚያ ድረስ የዘለቀ እንግዳ የለም። ዘመድ እንኳ አያልፍም።

ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። በጣቷ ጫፍ ነው የምትራመደው፤ እርጥቡ አንሶላ ከእጇ ላይ ተንጠልጥሎ የገዛ ወለሏን ያርሰዋል፣ እሷም አላየችውም። መነጽር እህቱ ስታንሾካሹክ የሰማው ያን ዕለት ነው።

«ና» አለች። «ያ ጉደኛህ እዚያ ነው።»

«የት?»

«ቅጠሉን የደፋሁት ላይ። በርሜሉ ሥር።»

ለካ ወፉ አልጠፋም፤ ምሳው ወደሄደበት ተከትሎ ሄዷል። መነጽር ወደ በረንዳው ሊሮጥ ሲል እጁን ያዘችው። «እነሱንም ልታመጣቸው ነው? እዚያ?»

«እታለም።»

«ድስቱ አለ። ፍራሹ አለ። የውስጥ ልብሴ ገመዱ ላይ ነው። ትንሽ ላንሳሳና፣ ከዚያ...»

«አንዲት ነገር ብትነኪ ይበራል።»

ፊቷ ላይ የሚታገለውን አየው፤ የእድሜ ልክ ክብሯ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። እናታቸውን ሲቀብሩ እንኳ ለቀስተኛው ከመግባቱ በፊት መጋረጃ የቀየረች ሴት ናት። ሻሿን አስተካከለች። «አምጣቸው» አለች፣ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው።

ከፊት ሆና እሷው ራሷ መራቻቸው። ሐኪሙ እግሩ በተሰበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መነጽር በጉልበቱ ደገፈላቸው። የቡድን መሪዋ እድፋሙ ፍራሽ ላይ ተንበረከከች። የተሰጡት አንሶላዎች ከፊታቸው መጋረጃ ሆኑላቸው፤ በአንሶላውና በአንድ ስሙ በማይነሳ ልብስ መካከል አጮልቀው አዩ። ቅጠል ገላጩ ከክምሩ ሥር ዘለል ብሎ ወጣ። አንዱን ቅጠል በምንቃሩ ያዘ፣ ገለበጠ፣ ሥሩን መረመረ፣ ወደ ግራ ወረወረ። ሌላውን ያዘ፣ ገለበጠ፣ ወደ ቀኝ ወረወረ። እታለም ፍራሽ ገልብጣ አቧራ ስትፈልግ እንዲሁ ናት፤ መነጽር ሳቁን ዋጠ።

ወፉ የሚወረውረው ቅጠል እሷ አጥባ ወደጨረሰችው የኋላ በር ሲሚንቶ ይበር ጀመር። አንድ። ሌላ አንድ። እታለም ሳታስበው አንድ እርምጃ ስትራመድ መነጽር የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። ቆመች። እንግዶቹን ይዛ ከወጣች ወዲህ ወፉን ብዙም አላየችም፤ የእንግዶቹን ፊት ነበር የምታየው። ድስቱን ያየ የለም። ፍራሹን ያየ የለም። ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ፣ እንደገና ጠረጉ።

ወፉ ጠግቦ ወደ ቆርቆሮው ሥር ሲገባ የቡድን መሪዋ ብድግ አለች። «እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም» አለች። «በየወሩ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ይህን ጓሮ እንዳትነኩት።»

«ልብሱ ግን ይነሳል» አለች እታለም ፈጥና።

«አንሶላውም ይቆይ፣ እመቤቴ» አሉ ሐኪሙ። «መጋረጃችን ነው።»

አሁን ያ ጓሮ የቤቱ ዋና ክፍል ሆኗል። ወንበሩ ተጠግኗል፣ ፍራሹ ተወግዷል፣ በርሜሉ ግን እንዲያንጠባጥብ ተፈቅዶለታል። ወንዙ ዳር ያለው ማረፊያ መነጽርን ለመውሰድ ሰው ልኮበት ነበር። «እህቴንስ ትወስዳላችሁ?» አላቸው። ሰዎቹ ተሳሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ወፍ የሚያሳይ የትም ይገኛል፤ ገበናዋን ለእሱ ስትል በሰው ፊት የዘረጋች እህት ግን የእሱ ብቻ ናት፣ ይህንንም ለሰማው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። ከጀርባዋም ቢሆን ክብርት ሲላት አሁን በቀልድ አይደለም።

በየጠዋቱ ከጫካው ጥግ ቅጠል በጆንያ የሚሸከመው እሱ ነው። እታለም ጆንያውን ከፍታ ትመረምራለች። «ይሄ ደርቋል፣ ትል አይገኝበትም፤ መልስልኝ» ትለዋለች። ጥሩውን በእጇ ትበትናለች፣ አልጋ እንደምታነጥፍ ሁሉ ጥጉን እያስተካከለች።

ባለፈው ሰሞን የቡድን መሪዋ አዲስ እንግዶች ይዛ ስትመጣ፣ ነፋስ ሲነፍስ አድሮ ክምሩን ጠራርጎት ነበር። እታለም በሩ ላይ ቆማለች። መነጽር ሻንጣ ተሸክሞ ሲደርስ ፊቷ በእፍረት ቀልቷል።

«ይቅርታ» አለቻቸው፣ «ጓሮው ጸድቶ ነው ያገኛችሁት።»

መነጽር ሻንጣውን አስቀምጦ ጆንያውን ሊያመጣ ሄደ።