ካባ የለበሰው ወፍጮ

ጋሪው ቁልቁለቱ ላይ ግራና ቀኝ ሲወራጭ ልጄ ዘነበች ጭነቱ ላይ ተቀምጣ ነበር። አደጋው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁሉን ነገር በማዕረግ የሚያስቀምጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የባሌ ታላቅ ወንድም ግራዝማች እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ከጊዮርጊስ ወደ እሪ በከንቱ ቤት ስንለውጥ፣ ዕቃችንን ጋሪ ላይ አስጭነው ከአውቶሞቢላቸው ኋላ አሰሩት። አጫጫኑ ግን እንደ ግብር ቤት አቀማመጥ በማዕረግ ነበር፤ አልጋው ከፊት፣ ድንጋዩ ወፍጮ ከነመጁ ከጭራ።

«ግራዝማች፣ ኋላው ከብዶ የጋሪው አፍ ወደ ላይ አንጋጠጠ እኮ» አልኋቸው።

«ወፍጮ ከአልጋ ፊት ይቀመጣል እንዴ፣ እቴ? ሰው ምን ይለናል!»

መንገድ ማዕረግ ያውቃል? ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋሪው የአውቶሞቢሉን ኋላ ወደ ላይ እያነሣ፣ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ይገፋን ጀመር።

«ያቁሙልኝ! ልጄን!»

«በሰው ፊት አትጩሂ!»

የጋሪው መንኰራኩር ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ግራዝማች አውቶሞቢሉን አቆሙ። ከጎናቸው ዘልዬ ወርጄ ልጄን ከጭነቱ ላይ አወረድሁ። ከዚያ ክብደቱ ወደ ፊት እንዲያርፍ፣ ወፍጮውን እዚያው ጋሪው ላይ እያንከባለልሁ ከመንኰራኩሩ ትንሽ ወደ ፊት አደረግሁት። ግራዝማች ዙሪያቸውን አይተው ካባቸውን አወለቁና፣ እንዳይታይባቸው ወፍጮውን አለበሱት።

ጋሪውም ቀጥ ብሎ ወረደ። ስንት ሰው ለዚያ ካባ እጅ ነሣ መሰላችሁ! እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የዘነበችን እጅ ይዤ በእግሬ ተከተልሁ። አሁን አዲሱ ቤት ገብተናል። ልጄ ደኅና ናት።