ጥላ የለመኑኝ የሽምብራ ዘበኞች

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ነው። የምዘራውን ሽምብራ ከአንድ ነጭ ዱቄት ጋር በስኳር ውሃ ለውሼ፣ ከጎተራው ሥር ጥላ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ዱቄቱን ያመጣችልኝ የልማት ሠራተኛዋ ወይንሐረግ ናት። “እነዚህ በዓይን የማይታዩ ደጋግ ፍጥረታት ናቸው፤ የሽምብራውን ሥር ከአጠውልግ በሽታ ይጠብቁልሃል” ብላኛለች። “ሕይወት ስላላቸው ፀሐይ ይገድላቸዋል። አደራ፣ እስክትዘራ ድረስ ጥላ አትንፈጋቸው። ሌላ የለኝም።” አምና ማሳዬ አብቦ፣ ምንጃር ሁሉ እያየው በአጠውልግ ድርቅ ብሎ ቀርቷል። የዘንድሮ ተስፋዬ ያቺው ዱቄት ነበረች።

ዓይኔን እንደከደንኩ ራሴን ማሳው መሃል ተተክዬ አገኘሁት። እስከ ጉልበቴ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ነበርኩ። በግራ በቀኝ ጎረቤቶቼ በመስመር ተዘርተዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር የሚኮተኩተው አጥቶ አረም ውጦታል። ሽምብራዎቹ ባርኔጣ ደፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመካከላችን ይመላለሱ ነበር።

አንዲት ወፈር ያለች ሽምብራ አጠገቤ ቆመችና አገጬን ቀና አደረገችው።

“ይሄኛው ጠውልጓል” አለች።

“ኧረ አልጠወለግኩም፣ እንቅልፍ ነው” አልኳት።

“ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። እስቲ ባቱን ሰንጥቁትና ውስጡን እንየው። ከጠቆረ ይነቀላል።”

ክው አልኩ። አምና እኔም ግንዳቸውን እየሰነጠቅኩ፣ መሃሉ ጠቁሮ ያገኘሁትን እየነቀልኩ ስጥል ከርሜያለሁና ምን ብዬ ልከራከር? ይህን ሳስብ ከተረከዜ በታች አንድ ነገር ሲፍጨረጨር ተሰማኝ። በሽታው ራሱ ነበር። እንደ ቤተ ዘመድ ሳያንኳኳ ገባና ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ ዘግቶ ተቀመጠ። ምላሴ ደረቀ፣ አንገቴ ዘነበለ። ሽምብራዋ ቢላዋ አስመጣች።

ያኔ ዘበኞቹ ደረሱ። የሰርግ አጃቢ ያህል ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም አጫጭሮች፣ ሁሉም ነጭ የለበሱ፣ ሁሉም በስኳር የተጨማለቁ። እግሬን ከበው ቁጭ ቁጭ አሉ። አንደኛው በሽታውን በኮሌታው አንጠልጥሎ “ወንድም፣ ቦታው ተይዟል” አለው። ሌላኛው ምሳውን ከእጁ ነጥቆ በላበት። በሽታው እየተነጫነጨ ወጣ። ውሃው ከእግሬ ተነስቶ ሽቅብ እስከ ጆሮዬ ድረስ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሽምብራዋም ቢላዋውን መለሰች።

“ምን ላድርግላችሁ?” አልኳቸው።

“ጥላ” አሉ በአንድ ድምፅ። “ጥላ ብቻ።”

ቀና ብል ፀሐይ ከሰማይ ወርዳ ጎተራዬ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ አማቴ አቶ ወልደየስ ትልቅ ጥቁር ዣንጥላ ይዘው ቆመዋል። በዚያ አገር አማች ተቀምጦ ያዛል፣ አማት ቆሞ ይታዘዛል። በውኔ እኔ እሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አስነጥሼ እንኳ አላውቅም።

“ወልደየስ!” ብዬ አምባረቅኩ። “ያን ዣንጥላ ወዲህ በል!”

“እሺ ጌታዬ” አሉ እየተርበተበቱ። “ምነው ቀደም ብለው ባዘዙኝ!”

ምን እንደጣመኝ አልደብቃችሁም። ግን ዣንጥላውን ሲዘረጉት ጥላው ወደ ታች በመውረድ ፋንታ ወደ ላይ ወጣ። ፀሐይዋ በረዳትና ነጠላዋን ተከናነበች፤ ዘበኞቼ ግን ይንጨረጨሩ ጀመር። አንዱ ጣቴን ጨብጦ “ተው፣ አታስጣን” አለኝ። ወዲያው ነጩ ልብሱ ባዶውን ወደቀ። ከዚያ የሁለተኛው፣ ከዚያ የሁሉም።

“አባባ!” ብዬ ጮኼ ነቃሁ።

“አቤት ልጄ፣ አለሁ!” አለ ከደጅ አንድ ድምፅ።

እየተደናበርኩ ወጣሁ። አማቴ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ፣ በጥቁሩ ዣንጥላቸው ሥር ተቀምጠዋል። በእጃቸው ዶሮ የሚያባርሩበት ዱላ፣ በፊታቸው ደግሞ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ በፀሐይ የተሰጣ ሽምብራዬ።

“ዘር ላግዝህ ብዬ ብመጣ እርጥብ ዘር ተከምሮ አገኘሁ” አሉኝ። “ሻግቶ ሊቀርብህ ነበር እኮ! ሽምብራ ሳይሰጣ ተዘርቶ ያውቃል? ደክሞህ ነው ብዬ አልቀሰቀስኩህም። ይኸው፣ ዶሮ ስከላከልልህ ዋልኩ።”

ከላይ ያለውን ዘገን አደረግኩት፤ ከምጣድ የወረደ ቆሎ ይመስል ያቃጥላል። እጄን ወደ ሥር ሰደድኩ። ወፈር ብሎ በተሰጣበት በኩል ገና ቀዝቃዛ ነበር። የተረፉ አሉ ማለት ነው። አሁኑኑ ወደ ጎተራው ሥር ብመልሳቸው፣ ቢያንስ እስከዚያው ያን ዣንጥላ ቢሰጡኝ! ያ ያምባረቅኩበት ድምፅ ገና ከጉሮሮዬ አልጠፋም። ደረቴን ነፍቼ አፌን ከፈትኩ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ” አልኩ።

“ምን አለበት ልጄ” አሉ ዣንጥላቸውን ወደ ራሳቸው እያስጠጉ። “ይልቅ የሥረኛው አልደረቀም። በል ገልብጠው፣ ፀሐይ ይምታው።”

ተንበርክኬ ገለበጥኩት።