የኢትዮጵያን ሕዝብ ሊያስቀምጥ የተነሳው ድርጅት

ለምሳ ምን እንደሚበላ ቁርጡን የማያውቅ ሰው፣ የአሥር ዓመት ዓላማውን ሲጠየቅ ዓይኑን ሳያሽ ሲመልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻ አይደለም፤ መልሱን በታይፕ መትቼ በሦስት ኮፒ አቅርቤያለሁ። ነገሩን ስታስቡት አይገርምም። የዛሬ ምሳ ወይ ይኖራል ወይ አይኖርም፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ውሸቱ ይወጣል። አሥር ዓመት ግን ቸር ነው። ጠያቂው ይዛወራል፣ ተጠያቂው ይሾማል፣ ወረቀቱን አይጥ ይበላዋል። ለነገ ሲጠየቅ የሚንተባተበው ሰው ለሩቁ ሲጠየቅ አንደበቱ የሚፈታው ለዚህ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚባልላትን ላም የማያውቅ የለም። እኛ ደግሞ በዕቅድ ይዘናት ነበር።

"እኛ" የምለው በደብዳቤ ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ ግን አምቦ በምትባለው ከተማ የነበረውን የእንጨት ሥራ ድርጅት ነው። ጊዜው የአብዮቱ ዘመን ነው፤ ሁሉም ሰው ጓድ፣ ሁሉም ነገር ዕቅድ የሆነበት። ድርጅቱ አሥራ አንድ አናጢ፣ ሲጀምር የሚያለቅስ አንድ የመጋዝ ማሽን፣ አንድ ሥራ አስኪያጅና እኔን ይዞ ይኖር ነበር። እኔ የዕቅድና ስታቲስቲክስ ክፍል ነበርኩ። ክፍል ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ክፍሉ እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬን የሠራው የራሳችን ድርጅት ስለነበር አንደኛው እግሩ አጠር ይላል፤ ከሥሩ ያለፈውን ሩብ ዓመት ሪፖርት አራት ላይ አጥፌ ሸጉጬበታለሁ። ከሪፖርቶቼ ሁሉ ሥራ ላይ የዋለው እሱ ብቻ ነው።

በእርግጥ ጥፋቱ የአናጢዎቹ አልነበረም። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ዋንዛ ተሰንጥቆ፣ ጥላ ውስጥ ተደርድሮ ሁለት ሦስት ክረምት ካላሳለፈ ያታልላችኋል። ሲጋዝ እሺ ይላል፣ ሲላግ ሸጋ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ግን እንደ አኩራፊ ሰው ፊቱን ያዞራል። ይህን የድርጅቱ አንጋፋ አናጢ ኦቦ ቶላሳ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሁሉም ያዳምጣቸዋል፤ ኮታው ግን የወር ነው፣ ወር ደግሞ እንጨት አያደርቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የኛም ወንበር በየሰው ቤት ይፈታ ነበር።

አንድ ጊዜ ለሸነን ትምህርት ቤት ዴስክ ሠርተን ላክን። በዓመቱ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ከዴስኮቹ አንዱን አውቶብስ ጣራ ላይ አስጭነው ይዘውት መጡ። አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም። አወረዱትና ኦቦ ቶላሳ ፊት አቆሙት፤ ዴስኩም ማንም ሳይነካው ወደ ጎኑ ተጋደመ። ልጆቹ ከዚህ ይልቅ ድንጋይ ላይ መቀመጥ እንደሚመርጡ ነገሯቸውና ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ። ኦቦ ቶላሳ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። ያን ዴስክ ከሥራ ቦታቸው አጠገብ እንደተጋደመ አኖሩት። በዚያው ሰሞን ምርጥ ምርጡን የዋንዛ ጣውላ ለይተው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ጥላ ውስጥ፣ አየር እንዲያገኘው በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ደረደሩትና ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ለርዕሰ መምህሩም ሦስት ክረምት ታገሱኝ፣ አሥራ ሁለት የማይነቃነቅ ዴስክ እልካለሁ ብለው ቃል ላኩ። እኔም በቆጠራ መዝገቤ ላይ "ለሥራ ያልደረሰ" ብዬ ጻፍኩለትና ከወር ኮታ አዳንኩት። ሦስተኛው ክረምት ሲወጣ የኦቦ ቶላሳ ጡረታ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።

ልክ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሰርኩላር መጣ። እያንዳንዱ ድርጅት በአሥር ዓመት ውስጥ የሚደርስበትን ታላቅ ዓላማ፣ ከሠራተኛው አመንጭቶ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያሳውቅ ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ በላቸው ዓረፍተ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ደግ ነበሩ፤ ከአምቦ የሚበልጥ ነገር የሚገባኝ ሰው ነኝ የሚል ሕመም ብቻ ነበረባቸው። ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። ቅድሚያ ለአንጋፋ ተባለና ኦቦ ቶላሳ ተነስተው የእሳቸው ዓላማ የማይነቃነቅ ዴስክ መሥራት እንደሆነ ተናገሩ።

"ኦቦ ቶላሳ፣ ይሄ ዓላማ አይደለም፤ ሥራ ነው" አሏቸው ጓድ በላቸው በትሕትና።

ስለዚህ ሥራውን ወደ ጎን ትተን ወደ ዓላማው ገባን። አንዱ አምቦን ወንበር በወንበር እናድርጋት አለ። ጠበበ ተባለ። አውራጃውን አለ ሌላው። እስከ ጌዶ ድረስ መሄዱ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን አሁንም ጠበበ። ክፍለ ሀገሩን ተባለ፤ ጓድ በላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ "በአሥር ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያን ሕዝብ በሙሉ በወንበራችን እናስቀምጣለን" በሚለው ላይ አረፍን። አንድ ወጣት አናጢ አፍሪካስ ለምን ትቀራለች ብሎ ነበር፤ ጓድ በላቸው ትንሽ አሰቡና ጊዜው ገና ነው አሉ። በጭብጨባ ጸደቀ። ልብ በሉ፣ ስናጨበጭብ ቆመን ነበር፤ ለሁላችን የሚበቃ ወንበር አልነበረንም።

ዓላማ ደግሞ እንደ ሙሽራ ነው፤ ድግስ ይፈልጋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ተገኝተው ይመርቁታል ተባለ። በግቢው በር ላይ ቅስት ይቁም፣ ዓላማው በቀይ ቀለም ተጽፎ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያንብበው ተባለ። ለዚህ ረጅም፣ ሰፊና ያልተጣመመ ጣውላ ያስፈልጋል። በግቢያችን ውስጥ ያልተጣመመ ጣውላ የት እንዳለ እናንተም አሁን ታውቃላችሁ፣ ጓድ በላቸውም ያውቁ ነበር።

ከመጋዘን ዕቃ የሚወጣው በሞዴል ሃያ ሁለት ነው፤ የምሞላው እኔ ነኝ። "ለሥራ ያልደረሰ" ያልኩትን በገዛ እጄ ሰርዤ "የደረሰ" ብዬ ጻፍኩ። እውነትም ደርሶ ነበር፤ የሚያናድደው ይህ ነው። እምቢ ማለት እችል ነበር ወይ? ዛሬ ተቀምጬ ሳወራ ቀላል ይመስለኛል። ያን ጊዜ ግን ለዓላማው እንቅፋት ሆነ መባል ከእንጀራም በላይ የሚያሳጣ ነገር ስለነበረው ፈራሁ፤ ፈርቼ ፈረምኩ። ወረቀቱን ይዤ ኦቦ ቶላሳ ዘንድ ስሄድ የተጋደመው ዴስክ አጠገብ ተቀምጠው መጋዛቸውን ይስሉ ነበር። አነበቡት። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

"ላኪ፣ ኢልማ ኮ። አይሆንም ልጄ፣ አንተ አትጨነቅ። ቅስቱን እኔው እሠራዋለሁ። ሌላ ሰው መጋዝ እንዳያስጠጋበት ብቻ ንገርልኝ።"

ጓድ በላቸው ይህን ስነግራቸው ልባቸው ተነካ። በሚቀጥለው ስብሰባ ኦቦ ቶላሳን ኮከብ ሠራተኛ ብለው አስጨበጨቡላቸው። ሽማግሌው ጣውላዎቹን እንዳሉ፣ ርዝመታቸውን ሳይቀንሱ፣ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ በጥቂት ምስማር ከባሕር ዛፍ ቋሚ ጋር አያያዟቸው። ቀለም ቀቢው መጥቶ በቀይ ሲጽፍባቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ተመለከቱ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ሐዘን ነው ብዬ ገመትኩ።

ቅስቱ ቆመ፤ አሁን እንግዶቹ የሚቀመጡበት ጠፋ። የተመረተው ሁሉ ለኮታ ሄዷል፣ በግቢው የቀሩት ወንበሮች ደግሞ ለትልቅ ሰው የማይታመኑ ናቸው። በአምቦ እንዲህ ያለ ጭንቅ ሲመጣ የሚኬደው አንድ ቦታ ነው፦ እድር። የሰፈሩ እድር አግዳሚ ወንበሮች ከአብዮቱ በፊት በደረቅ ዋንዛ የተሠሩ ናቸው፤ ስንቱን ለቀስተኛ ተሸክመው አንድ ቀን አልተንቀጠቀጡም። ማን እንደሠራቸው ንገረን አትበሉኝ። ተላኪው እኔ ነበርኩና የእድሩ ዳኛ አቶ ወርዶፋ ጋ ሄድኩ። የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያስቀምጠው ድርጅት መቀመጫ ሊዋስ መምጣቱን ሲሰሙ አልሳቁም፤ የእድር ዳኛ በቀላሉ አይስቅም።

"ውሰዱ። ሞት ግን ፕሮግራም አይጠይቅም፤ ሐዘን ከመጣ ወንበሩ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጅህ ይፈርሙበት" አሉኝ።

ጓድ በላቸው የአሥር ዓመቱን እንጂ የሳምንቱን ወረቀት አያነቡም ነበርና ሳያዩ ፈረሙ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳው ወፈር ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ መንገዱ ያደከማቸው ሰው ነበሩ። ከአውራጃው ሹማምንት ጋር በእድሩ አግዳሚ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ጓድ በላቸው ንግግራቸውን ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ጥሩምባ ተነፋ። የአምቦ ሰው የሆነ ሁሉ ጆሮው ቆመ፤ አንዲት ባልቴት ማረፋቸው ነው። እኔ የፈረምነው ወረቀት ትዝ አለኝና በሩን በሩን ማየት ጀመርኩ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጋሪ ግቢው በር ላይ፣ ልክ ቅስቱ ሥር፣ ቆመ። አቶ ወርዶፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። የንግግሩን ማለቅ አልጠበቁም። እንግዳው ፊት እጅ ነሱና ለቀስተኛ መሬት ላይ እንደሆነ፣ ወንበሩ እንደሚፈለግ በዝግታ አስረዱ።

ከሹማምንቱ ጋር የተቀመጠው የአውራጃው ካድሬ ብድግ ብሎ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ደግነቱ እንግዳው ቀደሙት። ሰው ናቸው፤ እሳቸውም የሆነ ሰፈር እድርተኛ ናቸው። ነፍስ ይማር ብለው ተነሱ፣ ይባስ ብለው የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ይዘው እስከ ጋሪው ድረስ አብረው ተሸከሙ። እሳቸው ከተነሱ ማን ይቀመጣል? በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ባዶ ሆነ። ጓድ በላቸው ግን ሐሳባቸው ንግግሩ ውስጥ ነበርና ከቆሙበት ቀጠሉ። ቆሞ ለሚሰማቸው ሕዝብ፣ ሕዝቡን በሙሉ እንደሚያስቀምጡ አበሰሩ። የሳቀ አልነበረም። የሳቀ አለመኖሩ የበለጠ አስጨነቀኝ።

እንግዳው በአንድ እግራቸው ቆሙ፣ በሌላው ተኩ፣ ከዚያ ወደ ቅስቱ ቀና ብለው ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ምርቃቱን እንዲያደርጉ ሲጋበዙ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦

"ጓዶች፣ ዓላማው ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ እናንተ ተቀመጡ።"

በማግስቱ ሂስና ግለ ሂስ ተደረገ። ጥፋቱ ተፈልጎ ተፈልጎ የዕቅድ ክፍሉ ላይ ተገኘ፤ ክፍሉ ማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ራሴን አጥብቄ ሂስ አደረግኩ። ዓላማው እስኪታረም ድረስ ቅስቱ እንዲፈርስ ተወሰነና ይህን ማን ይሥራ ሲባል ኦቦ ቶላሳ እጃቸውን አወጡ። ጥቂቶቹን ምስማሮች ሲነቅሉ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ጣውላው አንድ ጣት እንኳ አላጠረም። ያን ጊዜ ነው በቅስቱ ሥር ያየሁት ፊት የሐዘን እንዳልነበረ የገባኝ። ድርጅቱ ውስጥ ስለ ወደፊቱ በትክክል ያቀደ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ዕቅዱን ለማንም በሦስት ኮፒ አላቀረበም። ጓድ በላቸው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በእድገት ተዛወሩ። የረጅም ጊዜ ዕቅድ ክፍል ነው የተሰጣቸው።

የታረመውን ዓላማ የጠየቀን የለም። ኦቦ ቶላሳ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አሥራ ሁለቱን ዴስክ ሠርተው፣ ራሳቸው አብረው ተጭነው ሸነን አደረሱ። ቀለሙን ለምን አልላጉትም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ቢላግ ጣውላው ይሳሳል፣ ፊቱን ወደ ታች አዙሬዋለሁ፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል አሉኝ።

እኔ አየሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱን ለቅቄ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገብቼ ነበርና ፈተና እንዳስፈትን ሸነን ተላክሁ። በክፍሉ ውስጥ ስንጎራደድ የአንዷ ተማሪ እስክሪብቶ ወደቀ፤ ላነሳላት ጎንበስ አልኩ። ከዴስኩ ሥር፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ በቀይ "ሕዝብ በሙሉ" ይላል። ጠርዙን ይዤ ገፋ አደረግሁት። አልተነቃነቀም። ከላይ ሦስት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው የሒሳብ ጥያቄያቸውን ይሠራሉ። እስክሪብቶውን ሰጥቻት ቀና ስል ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ልጅቷ ጥያቄው የከበደኝ መስሏት በሐዘኔታ አየችኝ።

እንግዲህ ሪፖርቱን እስከ ዛሬ ስላላቀረብኩ አሁን ለእናንተ ላቅርብ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ በአንድ ዴስክ ሦስት ሰው፣ በአሥራ ሁለት ዴስክ ሠላሳ ስድስት ሰው ተቀምጧል። የቀረው እንጨቱ እስኪደርቅ ይታገሰን።