ደምመላሽ ጳጉሜን ስድስትን ሐርቡ ድረስ ስለ ማድረሳቸው

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ኢሕአዴግ በገባ በአሥራ ሰባተኛው፣ የደሴ ሰኞ ገበያው መጽሐፍ ሻጭ ወአሳታሚ፣ የአንድ ሸራና የአራት ካርቶን ጌታ ደምመላሽ በንግድ በተሰየሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በዕለተ ሰኑይ ይህ ሆነ።

ከዚህ አስቀድሞ ደምመላሽ የክርስቲያኑን ጾም ከእስላሙ በዓል ጋራ አስተባብረው፣ ሦስት መቶ የግድግዳ ካሌንደር ኮምቦልቻ አሳትመው፣ ስማቸውን በቀይ ፊደል ከግርጌው አስጽፈው ነበር። ነገር ግን የጳጉሜንን ገጽ ከዓምናው ቀድተው ነበርና፣ ዘመነ ሉቃስም ጳጉሜንን ስድስት ያደርጋልና፣ ከሦስት መቶ ቤት አንዲት ቀን ጠፋች። ዓመቱን ሙሉ ማንም አላወቀ፤ ጳጉሜንን ማን አስቀድሞ ያያል?

በዚያች ሰኞ ግን ገዢዎቻቸው «ነገ ሚሊኒየሙ ገባ» ብለው ዶሮ ሲያርዱ ጎረቤት ሳቀባቸው። ደምመላሽም አፈሩ፤ ስማቸው ከግርጌው ነበረና። ጃንጥላ ጠጋኙን ጀማሉዲንን በድምፅ ማጉያ፣ ባለቤታቸውን አትጠገብን በሙጫ፣ ሽንኩርት ሻጮችን በጩኸት አስከትለው አዋጅ አስነገሩ፦

«ከእኔ ዓመት የገዛህ፣ አንድ ቀን ይቀርሃልና መጥተህ ውሰድ! ዶሮህን ያላረድህ አትረድ፤ ያረድህ እንደ ፍጥርጥርህ!»

ቀኒቱንም በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ አደሉ። የሐርቡዋ ወይዘሮ መርየም ግን አልመጡም። ልጃቸው ሙዓዝ ከጅዳ «በዓመቱ መጨረሻ ቀን እገባለሁ» ብሎ ልኮባቸው፣ ካሌንደሩን የገዙት ቀኑን በከሰል እየሰረዙ ሊጠብቁት ነበር። በደምመላሽ ቆጠራ ያቺ ቀን ዛሬ ነበረች።

ስለዚህ ደምመላሽ ቀኒቱን በደረት ኪሳቸው አኑረው፣ በሚኒባስ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆነው የሐረጎን ቁልቁለት ወረዱ፤ ኮምቦልቻንም ማተሚያ ቤቱን ቀና ብለው ሳያዩ አለፉ። ሐርቡም በደረሱ ጊዜ ወይዘሮ መርየም አምስተኛዪቱን ቀን ሰርዘው ሲያለቅሱ አገኟቸው። ስድስተኛዪቱን ከሥሯ ለጠፉ። ወይዘሮ መርየምም እንባቸውን ጠርገው ከደጃፋቸው አወጁ፦

«አብሽር ልጄ! ወላሂ፣ ሙዓዜ ነገም ከቀረ ሌላ ቀን ትለጥፍልኛለህ!»

ደምመላሽ ይህን ሰምተው እጅግ ፈሩ፤ ሌላ ቀን አልነበራቸውምና። ወደ ደሴም አልተመለሱም፤ በማግሥቱ ከወይዘሮ መርየም ጋር ከደጃፉ ተቀምጠው መንገዱን ጠበቁ። በቀትር ሙዓዝ ሻንጣውን ተሸክሞ መጣ።

ካሌንደሯ ዛሬም በግድግዳው አለች፤ ከሰል ያልነካት ቀን ያቺ በእጅ የተጻፈችው ብቻ ናት። ነገሥታት ርስት ሰጡ፣ ጉልት ሰጡ ተብሎ ተጽፏል፤ ለሰው ቀን የሰጡ ግን ደምመላሽ ብቻ ናቸው፤ ስማቸውም በቀይ ፊደል ከግርጌው አለ።