የኢንጂነር ኢሳይያስ መወጣጫ

በዚህ አገር ጡረታ እንደወጣ መሐንዲስ ሥራ የሚበዛበት ሰው የለም። ወታደር ጡረታ ሲወጣ ዘበኛ ይሆናል፤ መምህር ጡረታ ሲወጣ የዕድር ጸሐፊ ይሆናል፤ መሐንዲስ ግን ጡረታ ሲወጣ የሁላችንም አለቃ ይሆናል። ደረጃችሁን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። አጥራችሁን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሳትጠሩት ይመጣል፣ ሳትጠይቁት ይመልሳል። እያንዳንዱ ከተማ ቢያንስ አንድ አለው። ለሶዶ የደረሷት ክቡር ኢንጂነር ኢሳይያስ ጫሜ ነበሩ።

ነበሩ ያልኩት ስላረፉ ነው። ባያርፉ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ጨርሰው ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲመለሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰገነትን፣ አንድ ሣጥን መጻሕፍትና አንድ ውሃ ልክ ይዘው መጡ። ቤት የገዙት ደግሞ፣ ዕጣዬ ሆነና፣ ከእኔ አጥር ጎን ነው። ውሃ ልኩ ከኮት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። ሠርግ ተጠርተው የሙሽሮቹን መድረክ ለኩና «በሙሽራው በኩል ዘቅዝቋል» ብለው አረፉት፤ የሙሽራዋ እናት ነገሩን እንደ ንግርት ወስደውት ምሳው አልበላ አላቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው በዝማሬ ሰዓት ወደ ጣራው አንጋጠው እንባ ሲያቀርሩ ያየ ሁሉ መንፈስ የነካቸው ይመስለው ነበር። ያስለቀሳቸው ግን የጣራው እንጨት አጣጣል ነው።

እገሌ ወደቀ ሲባሉ «ደህና ነው ወይ?» አይሉም። «ተዳፋቱን ንገረኝ!» ይላሉ። ተዳፋቱ ከተነገራቸው በኋላ ደግሞ በሐዘን ድምፅ «ስበት ዘመድ አያውቅም» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔ በገዛ ደረጃዬ ላይ ተንሸራትቼ ክንዴ በተሰበረ ጊዜ፣ መሬት ላይ ተዘርሬ እየጮህኩ፣ ይህንኑ ቃል በአጥር በኩል ሰምቻለሁ።

እንዲህ እያሉን ባጃጅ ሶዶን የወረረችበት ዘመን መጣ። ከምርጫ ዘጠና ሰባት ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ባጃጆቹ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭነው ይመጣሉ፤ ወደ ቤሌና ወደ ገሱባ የተሸጡት ደግሞ ከሶዶ እንደገና ይጫናሉ። በዚያ መንገድ አዲስ ባጃጅ ነድቶ ማድረስ ማለት አሮጌ አድርጎ ማስረከብ ነው።

አጫጫኑ እንዲህ ነበር። ሁለት ወፍራም ጣውላ ከመሬት ወደ አይሱዙው ጭነት ቦታ ይደገፋል፤ ባጃጇ በጣውላው ላይ በሰው ጉልበት ትገፋለች። ጣውላው መሃሉ ላይ ስለሚለምጥ፣ ከጫኝና አውራጆቹ ሁሉ ጠንካራው ሰው ከሥር ገብቶ በጀርባው ይደግፈዋል። ይህን ሰው «ምሰሶ» ይሉታል። ምሰሶ መሆን ሹመት ነው። ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚቆርሰው እሱ ነው፤ እሱ እጁን ሳይሰድ ማንም አይነካም። ከሥር ለመግባት ያመነታ ደግሞ በነጋታው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። በመናኸሪያው አካባቢ ለረጅም ዘመን ምሰሶው ቶማ የሚባል፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ፣ ሳቂታ የገሱባ ሰው ነበር።

ኢንጂነር ይህን መጀመሪያ ያዩ ዕለት ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ወረወሩት።

«ከጭነት ሥር ሰው አይገባም! በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መጽሐፍ፣ ከጭነት ሥር ሰው አይገባም!»

ቶማ ከጣውላው ሥር እንደ ጎበጠ ቀና ብሎ አያቸውና «ጋሼ፣ እኔ መጽሐፍ ውስጥ የለሁም» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡር ኢንጂነር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። የከተማውን ደረጃና መድረክ ሁሉ ለእግዚአብሔር ትተው ሌት ተቀን የባጃጅ መጫኛ መወጣጫ መንደፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው መወጣጫቸው እንዲህ የዋዛ አልነበረም፤ ባቡር ይሸከማል። ችግሩ እሱን ራሱን ለማንሳት ባጃጇን ከሚያነሱት በላይ ሰው መፈለጉ ነው። ሁለተኛው ቀላልና ተጣጣፊ ሆነ፤ ስለቀለለም ተሰረቀ። ከሳምንታት በኋላ በአንድ ሥጋ ቤት በር ላይ የቦይ መሻገሪያ ሆኖ አገኙት። ይጣላሉ ብለን ስንጠብቅ ውሃ ልካቸውን አውጥተው ለክተው «ተዳፋቱ ትክክል ነው» ብለው እዚያው ተዉት። ሥራቸውን የሚደግፍላቸው ፍለጋ አንድ ቢሮ ቢሄዱ፣ የዘመኑ ደንብ ነውና፣ «አባት፣ ከወጣቶች ጋር ተደራጅተው ይምጡ» ተባሉ። እሳቸውም በጨዋ ደንብ እጅ ነሥተው «የእኔ ወጣቶች አብዛኞቹ ሞተዋል» ብለው ወጡ።

በየማለዳው መጫኛው ቦታ ሄደው ከቶማ ጋር መጣላት ግን አላቋረጡም። ቶማ ሲያያቸው ጆንያ አጥፎ መቀመጫ ያዘጋጅላቸዋል። አማርኛው ሲፈጥን አንቱታ ይጠፋበታል፣ ወንድና ሴትም ይደባለቅበታል። ኢንጂነር ከሌላ ሰው የማይታገሡትን «አንተ» ከእሱ ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ብረትህ ሰው ያስቃል።»

«ጣውላህ ሰው ይገድላል!»

«እስካሁን ማንን ገደለ?»

«አንተን እየጠበቀ ነው፣ እልኸኛ!»

ቶማ ይስቃል። ቀጥሎ ዳጣ የተቀባ ቆጮ ይዘረጋላቸዋል፤ እያጉረመረሙ ይበላሉ።

ሦስተኛው መወጣጫ ከቱቦላሬ ተበየደ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ክብደት ያለው፣ ጫፉ ላይ ከአይሱዙው ጋር የሚያያዝ መንጠቆ የተሠራለት፣ እኔ እንኳ የማይገባኝ ሰውዬ አይቼው «ይሄስ ይሆናል» ያልኩለት ነው። ቶማ ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ቆመበት፣ ዘለለበት።

«እሺ ጋሼ። ነገ ቤሌ የሚሄድ ባጃጅ አለች። በብረትህ እንጭናለን።»

«ከሥር ሰው አይገባም።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«ማል።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን አይማልም፣ ጋሼ። እሺ ማለት እሺ ነው።»

ወሩ ሐምሌ ነበር። ጠዋት የጣለው ዝናብ አባርቶ መሬቱ ግን ጨቅይቷል። የኢንጂነር ብረት ዛሬ ይሞከራል ተብሎ ሰው ተሰብስቧል፤ ግማሹ ለመሳቅ፣ ግማሹ ሲስቁ ለማየት። ኢንጂነር ከረባት አስረዋል። አይሱዙው ላይ ወጥተው እንደ ባቡር ጣቢያ ሹም በእጃቸው ያዝዛሉ። መወጣጫው ተንጠለጠለ፣ ባጃጇ ወጣች፣ መሃል ደረሰች። ብረቱ አልለመጠም። አንድ ሰው አጨበጨበ። ያኔ ከታች በኩል የብረቱ እግር በቀዩ ጭቃ ላይ ሸርተት አለ፤ ባጃጇ ወደ አንድ ጎን ዘመመች፣ ብረቱ ከነመንጠቆው ተነቀለ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወረደ።

ከሥር ቶማ ነበር።

ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ሰዎች ብረቱን ሲያነሱት አልተጣመመም። አንዱ፣ ሊያጽናናቸው ብሎ ይመስለኛል፣ «ኢንጂነር፣ ብረቱ እኮ ምንም አልሆነም» አላቸው። ያን ጊዜ ፊታቸውን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ፖሊስ አደጋ ነው አለ። ጫኝና አውራጆቹ ጭቃው ነው አሉ። የቶማ ዘመዶች የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉ። ኢንጂነር ምንም አላሉም። ለቅሶው ቤት ሄደው ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ እህል ውሃ ሲቀርብላቸው እጃቸውን አልሰደዱም። ከዚያ ወዲህ በራሴ ደረጃ አጠገብ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩም። ጎረቤቴ አጥሩን አጣሞ ሠራ፤ ዝም። አዲስ መድረክ ተሠራ፤ ዝም። ለዓመታት «ጌታ ሆይ፣ እኚህን ሰው ዝም አሰኝልን» ብለን የጸለይን ሰዎች ጸሎታችን ሲሰማ ደነገጥን።

ወይዘሮ ሰገነት አንድ ቀን በአጥር ጠርታ «ከእኔ ጋር እንኳ በአንድ ሰሃን መብላት ትቷል፤ ለብቻው ትንሽ ነካ አድርጎ ይነሳል። እባክህ አነጋግረው» አለችኝ። ገባሁ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ሽማግሌ ሆነህ አገርነሽ ዘንድ ሂድልኝ» አሉኝ። አገርነሽ የቶማ ሚስት ናት። «የባሏ ደም አለብኝ። ታርቄ ካልሆነ ከሰው ማዕድ አልቀርብም።»

በእኛ አገር ደም የተቃቡ ቤተሰቦች በሽማግሌ ሳይታረቁ ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም። ኢንጂነር ደግሞ ይህ ልማድ ሲነሳ «የድሮ ሰው ነገር!» እያሉ ሲስቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ማንም ደመኛ አላለዎትም» አልኳቸው።

«እኔ ብያለሁ» አሉ።

ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። አገርነሽ ሰማችን፣ ሽማግሌዎቹን ቤት አስቀመጠችና እኔን ለብቻዬ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ወሰደችኝ።

«ቶማ ያን ቀን ጠዋት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳት።

«‹ሰው ሁሉ ሊስቅበት ነው የሚመጣው› አለኝ። ‹ብረቷ መሃል ላይ ከለመጠች ሽማግሌው በቁሙ ይሞታል። እሺ አልገባም ብዬዋለሁ፤ ግን እሱ ከላይ ነው የሚሆነው፣ አያየኝም። ቀስ ብዬ ከሥር ገብቼ በጀርባዬ እይዝለታለሁ፣ እሱም ብረቷ ቻለች ብሎ ደስ ይለዋል› አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ነው የሸኘሁት።»

በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ይህን ለእሱ የነገርክ ቀን፣ አንተና እኔ ደም እንቃባለን።»

የእርቁ ዕለት በግ ታረደ። ኢንጂነር በሁለት ሽማግሌ መሃል አጎንብሰው ገቡ። አንገታቸው መሬት ሊነካ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ማዕዱ ቀረበ፣ ሁላችንም እሳቸው እስኪቆርሱ ጠበቅን። አልቆረሱም።

«አገርነሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «እሺ ብሎኝ ነበር። ቶማ ውሸት አያውቅም። ለምን ገባ?»

እኔ ዓይኔን ከሰሃኑ ላይ አላነሳሁም። አገርነሽ ከቆጮውና ከሥጋው ጠቀለለችና ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው።

«ልማድ ነው፣ ጋሼ። እግሩ ራሱ ወሰደው። ስላንተም፣ ስለብረትህም ያሰበው ነገር የለም።»

ኢንጂነር አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፣ ተነፈሱ፣ አፋቸውን ከፈቱና ጎረሱ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ። አራተኛ መወጣጫ ሠሩ፤ ጎንና ጎኑን በላሜራ ዘግተው ድመት እንኳ ከሥሩ እንዳትገባ አድርገው። ጫኝና አውራጆቹ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ምላሳቸውም ተመለሰ፣ እንደገና አማረሩን። ከሁሉ በላይ ግን ሟቹን መውቀስ ያዙ። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው «ያ እልኸኛ! ለእኔ ቃል ደንታ ያልነበረው ሰው!» እያሉ በቶማ ላይ ይቆጡ ነበር። ቁጣው ሲበርድ ተነስተው ይሄዳሉ፣ እራታቸውን በልተው ይተኛሉ። እኔም «ልክ ነዎት፣ አይሰማም ነበር» እያልኩ አብሬያቸው ቶማን አማሁት።

ቀብራቸው ላይ አገርነሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። «አሁን ብትናገር አልቀየምህም» አለችኝ። ሶዶ የሚያውቀኝ በወሬኛነቴ ነው፤ ከዚህ የጋዜጣ አምዴ የተረፈ ጎረቤት የለኝም። በሕይወቴ ከአፌ ያላወጣሁት ይህን አንዱን ነው። እወዳቸው ነበር።