በሰባራ ቅል ለተቀዳ ቦርዴ ከሳሽ ስለመፈለግ

ጥቅምት 14 ቀን 1978 ዓ.ም ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በጂንካ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ የተካሄደ የፍርድ ሸንጎ ስብሰባ።

የተገኙ፦
1. ጓድ ዶላሞ፣ ሰብሳቢ
2. ጓድ ሻንቆ፣ አባል
3. ጓድ ታደለ፣ አባል (መምህር)
4. ጓድ ኤርጎ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በአምስት ሰው በመሆኑ፣ ጉዳይዋን ለመከታተል ከመስኮቱ ውጭ የቆመችው ሸክላ ሠሪዋ ቦሼ ተቆጥራ ሞልቷል። ሸክላ ሠሪ ከሰው ጋር ስለማይቀመጥ ግቢ አልተባለችም።

አጀንዳ 1፦ የቦሼ አቤቱታ

በወ/ሮ የሺመቤት ቦርዴ ቤት ሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ በብርጭቆ ሲጠጣ፣ ለእሷ ደጅ ላይ በሰባራ ቅል እንደሚቀዳላት፣ እንደ ሰው ገብታ በብርጭቆ መጠጣት እንደምትፈልግ አመልክታለች።

ጓድ ሻንቆ መክሰስ የሚችለው የቀበሌው አባል እንደሆነ፣ አባል የሚመዘገበው አዳራሽ ውስጥ እንደሆነ፣ ቦሼ ደግሞ አዳራሽ እንደማትገባ በመግለጽ ልትከስ አትችልም አሉ። ጓድ ታደለ በእሷ ፋንታ እኔ ልክሰስ ቢሉ ሰብሳቢው፣ «መምህር፣ አንተን ምን ነካህ? በብርጭቆ አይደል የምትጠጣው?» ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጓድ ታደለ መክሰስ እንዲችሉ አስቀድመው እንዲበደሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ጓድ ታደለን ስለመበደል

ወ/ሮ የሺመቤት ቦርዴውንና ቅሉን ይዘው ቀረቡ። ጓድ ታደለ ደጅ ወጥተው ጠጡ። ቅሉ ቢሸረፍም ከብርጭቆ አብልጦ እንደሚይዝ ስለታየ፣ ጓድ ሻንቆ ይህ ጥቅም እንጂ በደል አይደለም ብለው ተቃወሙ፤ ለማረጋገጥም ደጋግመው ጠጡ። ሰብሳቢውም አረጋገጡ። ጸሐፊው እንዲያረጋግጥ ታዘዘ፤ በደሉ ትንሽ ይጎመዝዛል እንጂ አይከፋም።

የተበደለ ሰው ስላልተገኘ መዝገቡ እንዲዘጋ፣ ወ/ሮ የሺመቤት እንዲሰናበቱ፣ ቅሉ ግን ለተጨማሪ ማጣራት ከነቦርዴው አዳራሽ እንዲቆይ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ፊርማ

አምስተኛ ፊርማ ስለጎደለ ቦሼ በመስኮት በኩል እንድትፈርም ተጠየቀች። ቦሼም፣ «አባል አይደለሽም አላችሁኝ። እንግዲያው አትቁጠሩኝ። ለቁጥር ሰው ከሆንኩ ለብርጭቆም ሰው ነኝ» ብላ ሄደች። ምልዓተ ጉባኤውም አብሯት ሄደ። ሰብሳቢው ንግግሯ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳይገባ አዘው ነበር፤ ጸሐፊው ግን ስላፈረ አስገብቶታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጉባኤው ከመነሻው ስላልሞላ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ይህም ውሳኔ ጭምር፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኖ ስብሰባው 6፡00 ሰዓት ላይ ተበተነ።

ተጨማሪ፦ አባላቱ ወ/ሮ የሺመቤት ቤት ሲደርሱ ወ/ሮ ቦሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦርዴ ይጠጡ ነበር። ቅሉ አዳራሽ ስለቀረ የተቀዳላቸው በብርጭቆ ነው። ጓድ ሻንቆ ወዲያውኑ ልክሰሳቸው ብለው ተነሡ፤ ሆኖም ወ/ሮ ቦሼ ካልተቆጠሩ ሸንጎው አይሞላም።