የሞንስዩር ኦክታቭ ትክል ድንጋይ

በፈረንሳይ ገጠር ሦስት ቤት ባለበት ሁሉ አንድ ፍርስራሽ አይጠፋም። ፍርስራሹ ካለ ደግሞ ስለ ፍርስራሹ ሁሉን አውቃለሁ የሚል አንድ ጡረተኛ አይጠፋም። መንግሥት አልሾመውም፣ ማንም አልለመነውም፤ ራሱ ተነሥቶ ራሱን ሾሟል። እንግዳ የመኪናውን በር ከፍቶ እግሩን ሳያወርድ እሱ አጠገቡ ቆሟል። እናንተም በአንድ የዕረፍት ቀናችሁ እጁ ላይ ወድቃችሁ ይሆናል። ከወደቃችሁ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

የእኛው፣ የቬርዛክ መንደሩ፣ ክቡር ሞንስዩር ኦክታቭ ፑጆላ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ፖስታ ሲያድል የኖረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቱ የማይዝል ሰው ነው። ቬርዛክ ከገባ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን የተወለደው ከወንዙ ማዶ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሆነ መንደርተኛው እስከ ዛሬ "ባዕዱ" ይለዋል። እኔን እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። አገሬ በጣም ሩቅ ስለሆነ መንደርተኞቹ ከአገሬ ጋር የቆየ ቂም የላቸውም።

የእኔ ጥፋት ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። የመንደር ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለማያዘወትረው ተቆልፎ ይውላል፤ በሩ ላይ "ቁልፉ ጎረቤት ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጎረቤት ማለት እኔ ነኝ። እንግዳ መጥቶ በሬን ሲያንኳኳ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ እስካወርድ ድረስ ሞንስዩር ኦክታቭ ከተፍ ብሏል። የታርጋውን ቁጥር አይቶ ከየትኛው አውራጃ እንደመጡ አውቆ ጨርሷል።

"ከሰሜን ነው የመጣችሁት" ይላቸዋል በሐዘኔታ። "እዚያ ኮረብታ የለም። እናንተ ኮረብታ ያስፈልጋችኋል። ሁለት ደቂቃ ብቻ።"

የሞንስዩር ኦክታቭ ሁለት ደቂቃ እኔ እስከማውቀው ድረስ ባጠረ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥቱ ነው። ቤተ መንግሥት የምለው እሱ ስለሚል ነው እንጂ የቀረው አንድ ግድግዳና ብዙ ሳማ ነው። ሆኖም በሩ የት እንደነበረ እሱ ያውቃል፤ እንግዶቹም በበሩ መግባት አለባቸው። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም የባንክ ሠራተኛ ሳማውን ሸሽቶ በጎን በኩል ሊገባ ሲል ክንዱን ያዘው።

"ሞንስዩር፣ እዚያ ጋ ግድግዳ ነው።"

"የቱ ግድግዳ?"

"የሚያልፉበት ግድግዳ። እባክዎ ይመለሱና በበሩ ይግቡ።"

ሰውየው ተመለሰ። ያልነበረውን መዝጊያ ለመግፋትም እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ፏፏቴው ይከተላል። ፏፏቴያችን ሚያዝያ ላይ እውነትም ያምራል፤ እንግዳ የሚመጣው ግን ነሐሴ ላይ ነው፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ አንዲት ጠብታ የለውም። ይህ እሱን አያግደውም። ሰዎቹን በደረቁ ቋጥኝ ፊት አሰልፎ ዓይናቸውን ያስጨፍናቸዋል። "አሁን ድምፁን ስሙ" ይላል። ይሰማሉ። ምን እንደሚሰሙ አላውቅም፤ አንዲት ሴትዮ ግን በረደኝ ብላ ሹራብ ለብሳለች።

ከእሱ እጅ የሚያመልጥ የለም። በጥር ወር የቤቴ ማሞቂያ ተበላሽቶ ሠራተኛ ጠራሁ። ሠራተኛው ቤቴን የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን ሞንስዩር ኦክታቭን ነበር። ሦስት ሹራብና አንድ ብርድ ልብስ ደርቤ ስጠብቅ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣና "ማዳም፣ ዋሻውን አይተውታል?" አለኝ። ማሞቂያውን በሦስተኛው ቀን ሠራልኝ።

እንግዲህ ወደ ድንጋዩ ልምጣ።

ከዋሻው ባሻገር፣ የሊዮንስ ካባንት ላሞች በሚግጡበት መስክ መካከል፣ የሰው ቁመት የሚያህል ድንጋይ ቆሟል። እንደ ሞንስዩር ኦክታቭ አባባል አምስት ሺህ ዓመት የሞላው ትክል ድንጋይ ነው፤ የጥንት ካህናት ፀሐይ ስትወጣ ይሰግዱለት ነበር። "ይህን መጽሐፍ ላይ አታገኙትም" ይላል ጣቱን ሽቅብ ቀስሮ። እውነቱን ነው፤ አይገኝም። ድንጋዩን ያቆመው የሊዮንስ አባት ነው። ላሞቹ አጥሩ ላይ እየታከኩ ቢያፈርሱበት ጊዜ ከድንጋይ ካባው በትራክተር ጎትቶ አምጥቶ መታከኪያ ተከለላቸው። ሊዮንስ ራሱ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርና ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው።

ይህን ከሞንስዩር ኦክታቭ በስተቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

ለምን እንዳልነገሩት የነገረችኝ የካፌዋ ባለቤት ኦዴት ናት። ሚስቱ ሞሪሴት የሞተች ጊዜ ሞንስዩር ኦክታቭ ከቤቱ መውጣት ተወ። መስኮቱን አይከፍትም፣ ያመጡለትን ምግብ አይነካም። ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ሳለ አንድ ጠዋት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ ካፌው ገባና "ትክል ድንጋይ አገኘሁ" አለ። ሊዮንስ አፉን ሊከፍት ሲል ኦዴት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ነገሩ በዚያው ጸና፤ እነሆ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

ባለፈው መስከረም ግን ጉድ ፈላ። አውራጃው አዲስ የእግር መንገድ ካርታ ሊያወጣ ነውና ሞንስዩር ኦክታቭ ለዓመታት ሲጽፍ ለኖረው ደብዳቤ መልስ መጣ። ማዳም ፌሮን የምትባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ድንጋዩን ልትመረምር ትመጣለች ተባለ። እሱ ፀጉሩን ተቆረጠ፣ የፖስታ ቤቱን አሮጌ ኮት ተኮሰ። እኛ ደግሞ ካፌው ውስጥ ተሰብስበን ፊታችን አመድ መሰለ።

"ሴትዮዋ መጀመሪያ የምትጠይቀው የመሬቱን ባለቤት ነው" አለች ኦዴት። "ሊዮንስ፣ ምን ልትላት ነው?"

"እውነቱን ነዋ። እኔ ዋሽቼ አላውቅም። ከብት ገበያ እንኳ ዋሽቼ አላውቅም።"

"አንካሳዋን ላም ለወንድሜ የሸጠው ማነው ታዲያ?"

"አንካሳ አልነበረችም። እያሰበች ነበር የምትራመደው።"

"እንግዲያው ነገም እያሰብክ ተናገር።"

በማግስቱ ሁላችንም እንደ ቀብር ሸኚ ተሰልፈን ወደ መስኩ ወረድን። ማዳም ፌሮን አጭር፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሞንስዩር ኦክታቭ ካህናቱ በየት በኩል ይመጡ እንደነበር እየተራመደ ሲያሳያት አንዲት ላም ቀረብ ብላ ጎኗን ድንጋዩ ላይ ትፈትግ ጀመር። ደስታዋ ከዓይኗ ይነበባል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

"አዩልኝ?" አለ ሞንስዩር ኦክታቭ በሹክሹክታ። "እንስሳት ኃይሉን ያውቁታል።"

ማዳም ፌሮን ላሟን ገፋ አድርጋ ተንበረከከች። ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰሰችና ሊዮንስን ቀና ብላ አየችው። "ሞንስዩር ካባንት፣ ይህን ማን እንዳቆመው ያውቃሉ?"

ሊዮንስ ጫማውን ተመለከተ። ኦዴት ሊዮንስን ተመለከተች። "ስወለድ እዚሁ ነበር" አለ በመጨረሻ፤ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀላ።

"እነዚህ ቀዳዳዎችስ?" አመልካች ጣቷን ድንጋዩ ጎን ላይ ባለች ክብ ቀዳዳ ውስጥ ሰደደች። የካባ መሰርሰሪያ የበሳው እንደሆነ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ከጎኑ ሁለተኛ አለ፤ ቁርጥ እሱን። ሁሉም ወደ ላሟ ዞረ። እኔም ልዞር ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

"መብረቅ ነው" አልኩ።

"ሁለቱም?"

"ሁለት ጊዜ መትቶታል።"

"እኩል ስፋት አላቸው እኮ፣ ማዳም።"

"ያው መብረቅ ነው ተመልሶ የመጣው።"

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ማዳም ፌሮን ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ሁላችንንም አየችን። ምን እንደገባት አላውቅም፤ የገባት ነገር እንዳለ ግን አውቃለሁ። ወደ ሞንስዩር ኦክታቭ ዞረችና "እርስዎ መቼ ነው ያገኙት?" አለችው።

እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ካህናቱን ተዋቸው። "ሚስቴ የሞተች ክረምት ነው" አለ። "ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ዝም ብዬ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ጀርባዬን ደገፍ ባደርግበት ምንም አልተነቃነቀም። ይሄ ከእኔ የባሰ ብዙ ያየ ነው አልኩ። ሌላው ታሪክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።"

ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ኦዴት ንፍጧን በእጅጌዋ ጠረገች። ሊዮንስ ላሟን ያለ ጥፋቷ ሰደባት።

ካርታው በፀደይ ወጣ። ሞንስዩር ኦክታቭ ካፌው መካከል ቆሞ አነበበልን። "ቁጥር ሰባት። የቆመ ድንጋይ፤ ዘመኑ አይታወቅም። ታሪኩን ከቬርዛኩ ሞንስዩር ፑጆላ ይስሙ።" እኛ አጨበጨብን፣ ተቃቀፍን፣ ኦዴት ወይን ከፈተች። እኔ አለቀስኩ፤ ይህን ሰውዬ እንዴት እንደምወደው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እሱ ግን ፊቱ ተኮሳትሯል።

"አይታወቅም ማለት ምን ማለት ነው?" አለ። "አምስት ሺህ ዓመት ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዝም ብዬ አላልፈውም፣ እጽፋለሁ።"

ጻፈም። አሥራ አራት ገጽ ጽፎ የቋንቋ ስህተቱን እንዳርምለት እኔ ዘንድ ይዞት መጣ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ፊደሉን፣ ነጥቡን፣ ሰረዙን አንድም ሳይቀር አረምኩለት። ዓመተ ምሕረቶቹን አልነካሁም። አሥረኛው ገጽ ላይ ብቻ፣ መብረቁን ሳይጠቅስ አልፎት ነበርና በራሴ እጅ ጨመርኩበት።